ምዕራፍ ሰባት፦ ስለ እሳት በርና ስለ ጠባቂዎቹ

ሰው በገዛ ቤቱ ሲተኛ የቤቱን ጠባይ ያውቃል፤ በጨለማ ተነሥቶ እንኳ በሩ ወዴት እንደሆነ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ልጆቹ በየትኛው ክፍል እንዳሉ እጁና እግሩ ይመሩታል። ነገር ግን በሆስፒታል የተኛ በሽተኛ፣ በሆቴል ያደረ መንገደኛ፣ በትምህርት ቤት የተቀመጠ ሕፃን፣ ጉዳዩን ሊያስፈጽም ወደ መሥሪያ ቤት የመጣ ባለጉዳይ፣ እነዚህ ሁሉ ነፍሳቸውን ላላወቁት ሕንፃና ላላዩት ጠባቂ አደራ ሰጥተው የሚገቡ ናቸው። አደራውን የተቀበለው ወገን ምንም ቃል ባይናገርም ደጁን ከፍቶ እንግዳውን ባስገባበት ሰዓት ኃላፊነቱን ተሸክሟል፤ ስለዚህም የብዙ አገሮች ሕግ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ላሉት ሕንፃዎች የራሳቸው የሆነ የእሳት ጥንቃቄ ሥርዓት ወስኖላቸዋል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በዝምታ የሚያገለግለው፣ በዚያው መጠንም ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው፣ የእሳት በር ነው። የማንቂያው ደወል ሲጮኽ ይሰማል፤ የእሳት ማጥፊያው ሲሊንደር ቀይ ሆኖ በግድግዳ ላይ ይታያል፤ በሩ ግን መዓልትና ሌሊት ሲከፈትና ሲዘጋ ስለሚኖር ላላወቀው ሰው ከሌላው በር የሚለይበት ነገር የለውም። የዚህ ምዕራፍ ዓላማ የእሳት በር ሥራ በሩ በተተከለበት ቀን የሚጀመር እንጂ የሚፈጸም አለመሆኑን ማሳየት፣ ከዚያም በሩን የሚመረምር ሰው ከእንጨቱና ከብረቱ ጋር አብሮ የተጠቃሚዎቹን ልማድ ካልመረመረ ድካሙ ግማሽ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ መሪር ታሪክ አለ። በኅዳር 22 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 1958፣ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ፣ በመላእክት እመቤት ስም በተጠራው የካቶሊክ ደብር ትምህርት ቤት፣ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሊለቀቁ ጥቂት ጊዜ ሲቀራቸው፣ ከሰሜን ምሥራቁ ደረጃ ግርጌ፣ ከመሬት በታች ባለው ወለል፣ በቆሻሻ መጣያ በርሜል ውስጥ እሳት ተነሣ። እሳቱ ማንም ሳያየው ሲጤስ ቆይቶ፣ የአካባቢው መስኮት በሙቀት ተሰብሮ አየር በገባለት ጊዜ በደረጃው በኩል ሽቅብ ገሠገሠ። በመጀመሪያው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ከመተላለፊያው በሚገናኝበት አፍ፣ ከባድ የእንጨት በር ነበረ፤ በሩም ተዘግቶ ነበርና ወላፈኑና ጢሱ ወደዚያ መተላለፊያ ሊገቡ አልቻሉም። በሁለተኛው ፎቅ የደረጃ አፍ ላይ ግን የሚያግድ በር አልነበረም። እሳቱ የተዘጋበትን አልፎ ወደ ተከፈተለት ሄደ፤ መተላለፊያው በጥቁር ጢስ ተሞላ፤ ልጆቹና የሚያስተምሯቸው መነኮሳይያት መውጫ አጥተው በየክፍላቸው ታገቱ፤ ብዙዎቹም ከከፍታው መስኮት ራሳቸውን ወደ መሬት ወረወሩ። በዚያ አደጋ 92 ሕፃናትና 3 መነኮሳይያት ሞቱ፤ የሞቱትም ሁሉ በላይኛው ፎቅ የነበሩት ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዞ የሚነገር ሌላ ነገር አለ፤ መርማሪ የሆነ ሰው ሁሉ ሊያስበው የሚገባው ነው። ትምህርት ቤቱ ከዚያ አስቀድሞ በቅርብ ጊዜ በእሳት አደጋ መርማሪዎች ታይቶ ያለፈ ነበር። የከተማይቱ እ.ኤ.አ. የ1949 የሕንፃ ሕግ ቀድሞ የተሠሩትን ሕንፃዎች ስለማያስገድድ፣ በደረጃው አፍ በር አለመኖሩ እንደ ጥፋት አልተቈጠረም። መርማሪው ሕጉ ተፈጽሟል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሕጉም ተፈጽሞ ተገኘ። ጢሱ ከዚህ ቢነሣ ወዴት ይሄዳል፣ በየትስ ቦታ ይታገዳል ብሎ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ግን መልሱ ሌላ በሆነ ነበር። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የእሳት በር ምርመራ ሁሉ ሥርና መሠረት ነው።

አሁን ወደ በሩ ባሕርይ እንግባ። የእሳት በር እሳትን ለዘለዓለም አያቆምም፤ የተሰጠው ተልእኮ ማዘግየት ነው። በብሪታንያ በብዛት የሚገኘው ኤፍ ዲ 30 የሚባለው በር 30 ደቂቃ፣ ኤፍ ዲ 60 የሚባለው ደግሞ 60 ደቂቃ እሳትን እንዲቋቋም ታስቦ የተሠራ ነው፤ በስሙ መጨረሻ ኤስ የሚል ፊደል ከተጨመረበት ቀዝቃዛውን ጢስም ጭምር እንዲያግድ ተደርጎ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ይህ ፊደል ቀላል ነገር አይደለም፤ በቃጠሎ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኛዎቹን የሚገድላቸው ነበልባሉ ሳይደርስባቸው የሚያፍናቸው ጢስ ነውና። በሩ ለዚህ ማዕርግ የሚበቃው በፈተና ምድጃ ላይ ተገጥሞ ነው፤ በምድጃው ውስጥ ያለው ሙቀት በ5 ደቂቃ ውስጥ ከ570 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፣ በ30 ደቂቃ ወደ 840፣ በ60 ደቂቃም ወደ 945 ዲግሪ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ችሎ የሚቆመው ሳንቃ ለ30 ደቂቃው ብዙውን ጊዜ 44 ሚሊሜትር፣ ለ60 ደቂቃው 54 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው እንጨት መሆኑ ያስደንቃል።

ነገር ግን በምድጃው ላይ የተፈተነው ሳንቃው ብቻ አይደለም። መቃኑ፣ ጉበኑ፣ ማጠፊያዎቹ፣ ቁልፉና ምላሱ፣ መስተዋቱና መስተዋቱን የያዘው ጠርዝ፣ በሩን ከከፈቱት በኋላ በራሱ የሚመልሰው ባለ ዘይት ክንድ፣ በሳንቃው ወይም በመቃኑ ጠርዝ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ የተቀመጠው በሙቀት የሚያብጥ ቀጭን ማሸጊያ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድነት ተፈትነው በአንድነት የጸደቁ ናቸው። በተለይ ማሸጊያው የሚሠራው ሥራ የጥበብ ሥራ ነው፤ በሰላሙ ዘመን ከጠርዙ ጋር ተስተካክሎ ይቀመጣል፣ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ገደማ በደረሰ ጊዜ ግን አብጦ በሳንቃውና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል። ስለዚህ ከእነዚህ ክፍሎች አንዱ ቢጎድል ወይም በሌላ ዓይነት ቢለወጥ፣ በሩ መልኩ ያው ቢሆንም እንኳ ያ የተፈተነው በር መሆኑ ቀርቷል።

እንግዲህ አንድ መርማሪ በሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ባለ የእሳት በር ፊት ቆሟል እንበል። አዋቂ መርማሪ ከሆነ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ጥቂት ቆሞ ይመለከታል፤ በሩ ተዘግቶ ነው ያገኘው ወይስ ተከፍቶ፣ ሠራተኞቹስ ሲያልፉ በእጃቸው ይገፉታል ወይስ በጋሪ ይመቱታል? ከዚያ በሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይለቀዋል፤ በሩ ማንም ሳይነካው ተመልሶ፣ የቁልፉ ምላስ በቀዳዳው ውስጥ እስኪገባ ድረስ መዘጋት አለበት። ይህን ካየ በኋላ በሩን አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍቶ እንደገና ይለቀዋል፤ ይህ ፈተና ከፊተኛው ይከብዳል፣ ከሩቅ ሲመጣ በግስጋሴው ብርታት የሚዘጋ በር ከቅርብ ሲለቀቅ በምላሱ ላይ ቆሞ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነውና። በእጅ ቢነኩት የሚዘጋ፣ ባይነኩት ግን በጣት ስፋት ተከፍቶ የሚቆም በር ለጢስ የተከፈተ በር ነው።

ቀጥሎ ክፍተቱን ይለካል። በሳንቃውና በመቃኑ መካከል፣ በሁለቱ ጎንና በላይ በኩል፣ የሚፈቀደው ክፍተት ብዙውን ጊዜ 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የብሪታንያ የአንድ ፓውንድ ሳንቲም ውፍረት ወደዚህ ልክ ስለሚጠጋ፣ መለኪያ ያልያዘ ሰው ሳንቲሙን በክፍተቱ እያስጠጋ ግምት ሊወስድ ይችላል። ሳንቲሙ ወዲያና ወዲህ እየተንገዋለለ የሚያልፍበት ክፍተት ካለ፣ ማሸጊያው ቢያብጥም ላይደፍነው ይችላልና መርማሪው በትክክለኛ መለኪያ አረጋግጦ ይጽፈዋል። በደፉ በኩል ያለው ክፍተት የሚወሰነው በሩን የሠራው ድርጅት በሰጠው መመሪያ ሲሆን፣ ጢስ እንዲያግድ ለታሰበ በር ግን ከታችም ቢሆን ክፍተቱ ጠባብ ሊሆን ወይም ሲዘጋ ወደ ወለሉ የሚወርድ ማሸጊያ ሊኖረው ያስፈልጋል። አዲስ ምንጣፍ ሲነጠፍ የሳንቃውን ግርጌ በመጋዝ የቆረጠ ሠራተኛ፣ ወይም ምንጣፉ ሲነሣ ክፍተቱ መስፋቱን ያላስተዋለ ኃላፊ፣ ሳያውቀው በሩን ከማዕርጉ አውርዶታል።

ማሸጊያውን ደግሞ በጣቱ እየዳሰሰ ዙሪያውን ይከተለዋል። የተነቀለ፣ የተቆረጠ፣ በመካከሉ የጎደለ ቢኖር ያ ሁሉ ክፍል መለወጥ አለበት፤ ጢስ የሚያግደው የብሩሽ ጠጉር ወይም ላስቲክ በቀለም ተለውሶ ደርቆ ከሆነም እንደሌለ ይቈጠራል። ወደ ማጠፊያዎቹ ሲመጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሆነው ያገኛቸዋል፤ ብሎኖቻቸው በሙሉ መኖራቸውንና መጥበቃቸውን ያያል፣ ከሥራቸው ጥቁር የብረት ዱቄት ወይም ቅባት ወርዶ ካየም ብረቱ ብረትን እየበላ መሆኑን ይረዳል። ከላይ ካለው መላሽ ክንድ በሳንቃው ላይ ዘይት ፈሶ ከተገኘ ክንዱ ኃይሉን እያጣ ነው። መስተዋቱ የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ የላላ እንደሆነ ይመለከታል፤ በመጨረሻም ከሳንቃው በላይኛው ጠርዝ የተለጠፈውን የማረጋገጫ ወረቀት ወይም በጎኑ የተቀበረውን ባለ ቀለም ምልክት ይፈልጋል፣ በሩ ከየት እንደመጣና ምን ያህል ደቂቃ እንደተፈተነ የሚናገረው ያ ነውና። በሩን ከጨረሰ በኋላ ቀና ብሎ ግድግዳውን ይመለከታል፤ የኮምፒዩተር ሽቦ ለማሳለፍ ከጉበኑ በላይ ቀዳዳ ተበስቶ ሳይደፈን ከቀረ፣ ከሥሩ ያለው በር ምንም ያማረ ቢሆን ጢሱ በዚያ ያልፋል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ዓይን ላለውና መለኪያ ለያዘ ሰው አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪው ነገር ሽብልቁ ነው። በየትኛውም አገር በየትኛውም ሕዝባዊ ሕንፃ ውስጥ ብንዞር፣ ዝጉኝ የሚል ሰማያዊ ምልክት የተለጠፈበት በር ከሥሩ በእንጨት ሽብልቅ፣ በታጠፈ ካርቶን፣ በወንበር፣ አልፎ አልፎም በራሱ በእሳት ማጥፊያው ሲሊንደር ተደግፎ ተከፍቶ እናገኘዋለን። ብዙ መርማሪዎች ሽብልቁን በቁጣ አንሥተው፣ ሠራተኞቹን ገሥጸው፣ ጥፋቱን ጽፈው ይሄዳሉ፤ በማግስቱ ሽብልቁ ወደ ቦታው ይመለሳል። የተመለሰበት ምክንያት የሠራተኞቹ ክፋት አይደለም። ምግብ በጋሪ የምታመላልሰው ሴት በቀን ብዙ ጊዜ ያንን ከባድ በር በትከሻዋ ስትገፋ የምትውል ናት፤ ጸሐፊው በክፍሉ ሙቀት ተቸግሯል፤ ነርሷ ከበሩ ወዲያ ያለውን በሽተኛ ጥሪ መስማት ትፈልጋለች። ሽብልቁ የእነዚህ ሰዎች አቤቱታ ነውና ጥበበኛ መርማሪ ከማንሣቱ በፊት ማን እንዳደረገውና ስለምን እንዳደረገው ይጠይቃል።

ክፍት የቀረ በር የሚያመጣውን ጥፋት ሌላ ታሪክ ይመሰክራል። በጥር 22 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዩወሪ 31 ቀን 2004፣ ገና ሳይነጋ፣ በስኮትላንድ በግላስጎው አቅራቢያ ባለው በሮዝፓርክ የአረጋውያን መጦሪያ፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሰሌዳ ካለበት ቁም ሣጥን እሳት ተነሥቶ 14 አረጋውያን ሞቱ። ቁም ሣጥኑ የመኝታ ክፍሎች በተሰለፉበት መተላለፊያ ላይ ነበረ፤ ከክፍሎቹም ብዙዎቹ በራቸው ክፍት ነበረና ጢሱ ወደ ተኙት ሰዎች ዘንድ ለመግባት የሚያግደው አላገኘም። የአረጋውያን መኝታ በር ክፍት ሆኖ የሚያድረው ግን በቸልታ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሌው ጨለማውንና ብቸኝነቱን ይፈራል፣ አሮጊቷ ከባዱን በር በደካማ ክንዷ ልትከፍተው አትችልም፣ አስታማሚዋም በሌሊት ማቃሰታቸውን ለመስማት ትሻለች። ርኅራኄ የከፈተውን በር በትእዛዝ ብቻ ዘግቶ ማኖር አይቻልም።

ስለዚህ መድኃኒቱ ሁለቱን ጉዳዮች፣ የዕለቱን ኑሮና የክፉውን ቀን ጥበቃ፣ የሚያስታርቅ መሆን አለበት፤ ዕድሉም አለ። በሩን በግድግዳ ላይ ይዞ የሚያቆም፣ የማንቂያው ደወል ሲጮኽ ግን ኃይሉ ተቋርጦ የሚለቅ ማግኔት ከተሠራ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ለደካሞች መኝታ ደግሞ፣ በሰላሙ ጊዜ በሩ እንደ ተራ በር ያለ ክብደት እንዲወዛወዝ የሚፈቅድ፣ ደወሉ ሲሰማ ብቻ ኃይሉን አግኝቶ የሚዘጋ መላሽ ክንድ አለ። ጋሪ በሚያልፍበት መተላለፊያ ማግኔቱን ማስገባት፣ የሚሞቀውን ክፍል የአየር መተላለፊያ ማስተካከል፣ መላሽ ክንዱ ከሚገባው በላይ ጠንክሮ ከሆነ ማላላት፣ እነዚህ ሁሉ ከመቶ ተግሣጽ ይልቅ ሽብልቁን ከሕንፃው ያወጡታል። ማግኔት ያለበትም በር ቢሆን በየጊዜው እየተለቀቀ መፈተን አለበት፤ ለብዙ ወራት ተከፍቶ የቆመ ሳንቃ ሊጣመምና በሚያስፈልገው ቀን በመቃኑ ውስጥ አልገባም ሊል ይችላልና።

ስለ ጥገናም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የላላ ብሎን ማጥበቅ፣ የተጎዳውን ማሸጊያ በዚያው ዓይነት መለወጥ፣ የመላሹን ክንድ ፍጥነት ማስተካከል በሙያው የሠለጠነ አናጢ በቀላሉ የሚፈጽመው ነው። ነገር ግን ሳንቃው በመቃኑ ስለጠበበ ብቻ በመላጊያ መላግ፣ አሮጌ ቁልፍ የወጣበትን ቀዳዳ በሚገኘው ቡሽ ወይም ልስን መድፈን፣ የተሰበረውን መስተዋት በተራ መስተዋት መተካት፣ ከሌላ በር የተረፈ ማጠፊያ መግጠም፣ እነዚህ በዓይን ሲታዩ የተስተካከሉ የሚመስሉ፣ በእሳት ፊት ግን የሚከሽፉ ጥገናዎች ናቸው። ሕጉ አንድ ነው፤ በፈተናው ያልነበረ ነገር በበሩ ላይ አይጨመርም፣ በፈተናው የነበረም አይቀነስም፤ መጨመር ወይም መቀነስ ግድ ከሆነ የሠሪው መመሪያ ይጠየቃል፣ መመሪያው ካልፈቀደም በሩ በሙሉ ይለወጣል።

ይህን ሁሉ የሚያደርግ ማን ነው ለሚለው የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ግልጽ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የእሳት ደኅንነት ድንጋጌ ለእያንዳንዱ ሕንፃ ኃላፊ የሆነ ሰው እንዲኖር፣ ያም ሰው የእሳት መከላከያዎቹ ሁሉ በደንብ የሚሠሩና የተጠገኑ ሆነው እንዲቆዩ እንዲያደርግ ያስገድዳል። በዚያ አገር ልማድ የእሳት በሮች ቢያንስ በየ6 ወሩ በአዋቂ ይመረመራሉ፤ ብዙ ሰው የሚያልፍባቸው በሮች ደግሞ ከዚያ ባጠረ ጊዜ ይታያሉ። በአሜሪካም ኤን ኤፍ ፒ ኤ 80 የተባለው ደንብ በየዓመቱ የሚደረግ ምርመራ በጽሑፍ እንዲያዝ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ በር ቁጥር ሰጥቶ፣ የተገኘውን ጉድለት፣ የተጠገነበትን ቀንና የጠገነውን ሰው መዝግቦ ማኖር የዚህ ሁሉ መደምደሚያ ነው። ከዓመት እስከ ዓመት ምንም ጉድለት ያልተጻፈበት መዝገብ ካጋጠመን ግን ከመደሰት ይልቅ እንጠራጠር፤ በየቀኑ የሚከፈት በር ምንም ሳይጎድልበት ዓመት አይሞላውም፣ ባዶው ገጽ የሚመሰክረው ማንም አለማየቱን ነው።

በለንደን፣ በዋሽንግተን፣ በዱባይ፣ በሆቴልና በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መጦሪያና በመሥሪያ ቤት ጥበቃ ሌሊቱን ነቅተው የሚያድሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። መርማሪው በስድስት ወር አንድ ጊዜ ይመጣል፤ እነርሱ ግን በዚያው በር በሌሊት ብዙ ጊዜ ይመላለሳሉ፣ ሲጥጥ ማለት የጀመረውን ማጠፊያና ሳይደርስ የሚቆመውን ሳንቃ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ደጅ የሚከፍትና የሚዘጋ ዐፃዌ ኆኅት የተባለ አገልጋይ ከነማዕርጉ አለ፤ አባቶች በር መዝጋትን ለመጣ ለሄደው የሚተው ነገር አድርገው አልቈጠሩትም፣ ለአገልግሎቱ ሰው ለይተው ክብር ሰጡት እንጂ። የሕዝብ ሕንፃ ኃላፊዎችም በር የሚከታተለውን ሠራተኛ እንዲሁ በስም ለይተው ሊያከብሩት፣ ያየውን ሲናገርም ሊሰሙት ይገባል።

እንግዲህ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሆቴል ወይም መሥሪያ ቤት ለሚያስተዳድር ሰው የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። በሮቹን የሚከታተል ሰው በስም ይሹም፤ ለዚያ ሰው ከሌላው ሥራው የተለየ ሰዓት ይቁረጥለት፤ ሰውዬው ጉድለት ጽፎ ሲያቀርብም የጥገናውን ገንዘብ ለሚመጣው በጀት ሳያሳድር ይክፈል። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ የጎደለበት ሕንፃ የእሳት በር ሊኖረው ይችላል፣ የእሳት ጥበቃ ግን የለውም፤ ሦስቱን አሟልቶ የያዘ ኃላፊ ደጁን ከፍቶ እንግዳ ሲቀበል አደራውን አውቆና ተዘጋጅቶ የሚቀበል ነው።